ያለ ቀለም

እህትና ወንድም ከአባታቸው የወረሱት ነገር ቢኖር አንዲት ጠባብ የማስታወቂያ ጽሑፍ ቤት ነበረች። ወንድምየው ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ፍሬም ይበይዳል፣ ከደንበኛ ጋር ይከራከራል፤ እህትየው ትጽፋለች። በልጅነቷ «ይህቺን ልጅ ቀለም አይዘልቃትም» እየተባለ ስትታማ ስለኖረች ሰፈሩ ለቀልድ «ቀለሜ» አላት። በኋላ ብሩሽ ስትይዝና ፊደሎቿ መንገደኛን ማስቆም ሲጀምሩ ቀልዱ ቀረ፤ ስሙ ግን አልቀረም። ወንድሟን «ጋሼ» ትለዋለች። በዕድሜ በብዙ ይበልጣታል፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጋትም እሱ ነው።

ነገሩ የጀመረው በቀይ ነው። የአንድ ፋርማሲ ሰሌዳ እየጻፈች ሳለ ብሩሿን አንስታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ ቀይ ላይ ቲነር አብዝተህበታል?»

«ኧረ እኔ አልነካሁትም። ደም የመሰለ ቀይ አይደለም እንዴ!»

በመዳፏ ግራ ዓይኗን ከደነች፤ ከዚያ ቀኙን። «በዚህኛው ደም ይመስላል» አለች ቀስ ብላ፤ «በዚህኛው ግን ሲታጠብ የኖረ ጨርቅ።»

ሳቀባት። «ደክሞሽ ነው። ሂጂ ተኚ።»

ተኛች፤ አልተሻላትም። ዓይኗን ወደ ጎን ባዞረች ቁጥር ከኋላው ይወጋት ጀመር። ጣቶቿም መደንዘዝ ከጀመሩ እንደከረሙ ያን ጊዜ ነው የተናዘዘችው፤ የቲነር ነው ብላ ዝም ብላ ኖሯል። አንድ የዓይን ሐኪም አይቷት ወደ ነርቭ ሐኪም ላካቸው።

የነርቭ ሐኪሟ ቸኩላ የማታውቅ የምትመስል፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። «የዓይንሽ ነርቭ ተቆጥቷል» አለቻት። «ኤም ኤስ የሚባል በሽታ መነሻ ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። የገዛ ሰውነትሽ መከላከያ የነርቭሽን ሽፋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃው ነው። የአንጎል ኤም አር አይ ትነሻለሽ። መሃል ላይ በደም ሥርሽ ቀለም እንሰጥሻለን።»

ቀለም ሲባል ወንድምየው ከመቀመጫው ብድግ አለ። አባታቸው የሞተው እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ የልጆቹ ስም እየጠፋበት ነው። በዱሮው ቀለም ውስጥ የነበረው እርሳስ የሚሉት ብረት ዕድሜ ልኩን ሲጠራቀምበት ኖሮ ነው ብለዋቸው ነበር ሐኪሞቹ።

«ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለ።

«ስሙ ነው እንጂ የእናንተ ዓይነት ቀለም አይደለም። ጋዶሊኒየም የሚባል ብረት ያለበት መድኃኒት ነው፤ ብረቱ እንዳይለቀቅ ታስሮ የተሠራ። አዲስ የተቆጣ ቦታ ካለ እንደ መብራት ያበራልናል።»

«ከሰውነቷ ይወጣል?»

ሐኪሟ አልዋሸችም። «አብዛኛው በሽንት ይወጣል። በጣም ጥቂት ሊቀር ይችላል፤ አንጎል ውስጥም ጭምር። የቀረው ጉዳት ሲያደርስ እስካሁን አልታየም፤ ቢሆንም ካላስፈለገ አንሰጥም። ኩላሊቷንም አስቀድመን እናያለን። ለእሷ አሁን ያስፈልጋታል ብዬ ነው።» ከዚያ ወደ ቀለሜ ዞረች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ከዚያ ሁሉ ንግግር የወንድምየው ጆሮ ይዞ ያስቀረው «አንጎል ውስጥ» የሚለውን ብቻ ነበር።

«ያለ ቀለም ይሁን» አለ፣ ቀለሜ አፏን ሳትከፍት። «እህቴን በብረት አላስመርዝም።»

ቀለሜ አየችው፤ ከዚያ ጫማዋን አየች። «እሺ፣ ጋሼ ካለ» አለች።

ኮሪደሩ ላይ እጅጌውን ያዝ አደረገችው። «እኔ ግን ብወስደው ምን አለበት ብዬ ነበር...»

«የአባባን እጅ ረሳሽው?»

እጅጌውን ለቀቀችው።

ያለ ቀለም ተነሣች። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው፤ ግራጫው አንጎል ላይ ነጫጭ ነጥቦች ጣል ጣል ብለዋል። «አዲስ ይሁኑ አሮጌ በዚህ ብቻ መለየት አልቻልኩም» አለች። «ቀለሙን የፈለግሁት ለዚህ ነበር። ሌላው መንገድ ከጀርባዋ ፈሳሽ መቅዳት ነው።»

«ጀርባዋን ደግሞ ልትወጉ!» አለ ወንድምየው።

«እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱና እንደገና እናያለን። ከዚያ በፊት አዲስ ነገር ከተሰማሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ።»

የቀለሜ ዓይን ሰነባብቶ በራሱ ተሻለው። ቀዩም ቀይ ሆነ። ወንድምየው እፎይ አለ፤ ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ብሰማቸው ኖሮ ጉድ ሠርተውኝ ነበር» እያለ ያወራ ጀመር። የቀጠሮው ቀን ሲቃረብ የአንድ ሆቴል ሥራ ይዘው ነበር፤ ግድግዳ ሙሉ ጽሑፍ፣ በዓመት አንዴ የማይገኝ።

«ጋሼ፣ ነገ እኮ ሐኪም ቤት ነው።»

«አሁን ምን ሆንሽና ነው? ይሄን እንጨርስና እንሄዳለን።»

ሆቴሉ ሳያልቅ ቀጠሮው አለፈ። ቀለሜ መሰላል ላይ ቆማ የመጨረሻውን መስመር እየጻፈች ነበር፤ እሱ ከታች መሰላሉን ይዟል።

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነበት። «እግሬ የለም።»

አዳልጧት መሰለው። ቀና ሲል ቀኝ እግሯ እንደ ባዶ ሱሪ ተንጠልጥሏል። ቁልቁል ስትንሸራተት በግማሽ ነው የያዛት፤ በዳሌዋ አስፋልቱ ላይ አረፈች፤ የቀለሙ ጣሳ አብሯት ተደፋ። አጥንቷ አልተሰበረም። እግሯ ግን ተነሣ ብትለው የማይሰማ የሰው እግር ሆነ።

በዚህኛው ጊዜ ሐኪም ቤት ሲደርሱ ማንም ሳይጠይቃት፣ አንዲት ነርስ መርፌዋን ስታዘጋጅ «ቀለሙን ስጡኝ» አለች። ወንድሟን አላየችውም።

ሐኪሟ ምስሉን አሳየቻቸው። ሁለት ቦታ ላይ እንደ ፍም የሚያበራ ነገር አለ። «እነዚህ አሁን የተቆጡ፣ እነዚህ የደበዘዙት የቆዩ ናቸው። ኤም ኤስ ነው። ቁጣውን የሚያበርድ ስቴሮይድ ዛሬውኑ ትጀምራለች፤ ከዚያ በሽታው እንዳይመላለስባት የሚከላከለውን መድኃኒት እንመርጣለን።»

ወንድምየው ሐኪሟን በር ላይ ተከትሎ ደረሰባት። «ዶክተር፣ ያኔ ቀለሙን ወስዳ ቢሆን ኖሮስ?»

ሐኪሟ ወደ እሱ ዞረች። «ያኔ ምን ያሳይ እንደነበር አላውቅም። ምናልባት ያኔውኑ እናውቅ፣ መድኃኒትም እንጀምር ነበር። ይሄ ይቀር ነበር ወይ? ይህን በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው የለም።» ከዚያ፣ «እኔም ብሆን እንደዚያ ስትፈሩ አይቼ ዝም ብዬ ልሸኛችሁ አይገባም ነበር» አለች።

ብትሰድበው ይሻለው ነበር። የተሰደበ ሰው ቢያንስ ይቆጣል።

ወደ ክፍሉ ተመልሶ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። «ይቅር በይኝ፣ እቴ። ብረቱን ፈርቼ ነው።»

«ብረቱን በመፍራትህ አልከፋኝም» አለች፣ ጣሪያውን እያየች። «እኔም ፈርቼ ነበር። ግን እኮ የጠየቀችው እኔን ነበር።»

«ያው አሳድጌሻለሁ ብዬ...»

«አሳድገኸኛል። ካደግሁ ግን ቆየሁ።»

ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስታበት አታውቅም። እሱን የሚያሳርረውም ይኸው ነው።

እግሯ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ሲሞቅ ይከዳታል፤ ሲደክማት ምርኩዝ ትይዛለች። ከዚያ ወዲህ መሰላል ላይ ወጥታ አታውቅም። ሰሌዳ የሆነውን ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች፤ ግድግዳ ሲመጣ ግን የሚወጣው ወንድሟ ነው፤ እሷ ከታች በወንበር ተቀምጣ ታዘዋለች።

«ጋሼ፣ ያ «ለ» ምን ነክቶታል? ሰክሮ ከመጠጥ ቤት የወጣ ነው እኮ የሚመስለው!»

መንገደኛው ይስቃል፤ እሱም ይስቃል። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሲዞር ያቺን መሰላል ላይ ቀጥ ብላ ያለ ክር፣ ያለ ማስመሪያ ፊደል የምትሰድረውን እህቱን ያስባታል፤ ብሩሹም እጁ ላይ ይከብደዋል።

በዓመቱ ለክትትል ሄዱ። ሐኪሟ ዘንድ ብቻዋን ገባች። ስትወጣ፣ «አዲስ ምልክት ስለሌለ ዘንድሮ ያለ ቀለም ይበቃል ተባባልን» አለችው። ደስ ሊለው ሲል የመጀመሪያው ቀን ትዝ አለው። እንግዲህ ሐኪሟ የሚሰጡበትንም የማይሰጡበትንም ለይታ ታውቅ ኖሯል፤ እስከ መጨረሻው አልሰማትም እንጂ ያን ጊዜም ይህንኑ ነበር የነገረችው።

ቀለሜ ጉትቻዋንና ቀለበቷን አውልቃ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ምስል ማንሻው ክፍል ገባች። ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ መዶሸት ጀመረ።

ወንድምየው የራሱን ፍርሃት ይቅር ሊለው ይችላል፤ የአባቱን እጅ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። «ይሄን እንጨርስና» ያለበትን ቀን ግን ምን ብሎ ይቅር ይበለው? ያን ቀን የፈራው ነገር አልነበረም። ሥራ ስለበዛበት ብቻ ነው። በማግስቱ፣ በቀጠሮው ቀን፣ ወደ ሐኪም ቤቱ የሚሄደው አውቶቡስ በሆቴሉ በር ላይ ሲያልፍ፣ እሷ ከመሰላሉ ላይ ዞር ብላ አይታው ነበር፤ እሱም አውቶቡሱን ስታይ አይቷታል።

ማሽኑ ዝም አለ። ቀለሜ ፀጉሯ ተንጨብርሮ፣ ግድግዳውን በእጇ ይዛ ወጣች። ሊደግፋት ተነሣ፤ «ተወኝ፣ እችላለሁ» አለችው። ጉትቻዎቿንና ቀለበቷን ተቀብላ አደረገችና ቀድማው ወደ በሩ መራመድ ጀመረች፤ እሱም ከኋላ ከኋላዋ፣ እርምጃውን በእርምጃዋ ልክ እያሳጠረ ተከተላት።