አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር

"የሁለቱ ብስክሌት ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አልገባኝም፣" አለ ሽማግሌው የብስክሌት ጠጋኝ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ። "ያንቺ አንድ ሺህ ስምንት መቶ አርባ ይላል። የባለቤትሽ አሥራ አንድ።"

"አሥራ አንድ መቶ ማለትዎ ነው፣ አባባ?"

"አሥራ አንድ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ። አሥርና አንድ። ከተገዛበት ሱቅ እስከ ቤታችሁ ስንት ነው?"

ሰባት ነበር።

"ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ፣" ሽማግሌው ሳቀ። "የእናንተ ግን አንዷ ስትቀዳ አንዱ ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቃል! ፍሬኑን ምን ላጥብቀው? መች ላላና!"

ለወጉ ያህል ሳቀችለት። ከዚያ ጎንበስ ብላ የባሏን የኋላ ጎማ አየች። አዲስ ጎማ ላዩ ላይ እንደ ጺም የበቀሉ ቀጫጭን የላስቲክ ክሮች አሉት፤ መንገድ በጥቂት ቀን ይላጫቸዋል። የባሏ ጎማ አልተላጨም። እሷ በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሃያ ሁለት ዓመት ደም በማይክሮስኮፕ ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት፤ ከሺህ ሕዋስ መሃል የአንዱ ቅርጽ ቢዛነፍ አታልፈውም። ይህን ጎማ ግን በኮሪደሩ በወጣች በገባች ቁጥር እየታከከችው አላየችውም። ወይም አይታው ዝም ብላለች።

ጉዞው አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ሦስት ወር፣ አራት ድንበር፣ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት። ከኋላ የሚከተል መኪና የለም፤ ድንኳኑም ምድጃውም መለዋወጫውም በራሳቸው ብስክሌት ይጫናል። ካርታው የምግብ ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እነሱ የሚበሉት ጠርዙ ላይ ነው። ባትሪው ከነጭነቱ በቀን ሰባ ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ አስልታ፣ የሚያድሩበትን ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጋለች። ድንኳኑን ለሁለት ከፍላዋለች፤ ሸራው በእሷ ቦርሳ፣ ምሰሶዎቹ በእሱ። "እንዳንጠፋፋ ብዬ ነው፣" ብላ ቀልዳ ነበር ያን ቀን።

ልምምዱን እሷ ከሥራ መልስ፣ ጡረታ የወጣው መምህር ባሏ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ነበር የሚሠሩት። ማታ እራት ላይ "ዛሬስ?" ትለዋለች። "ሃያ ሁለት፣" ይላል። አንዳንዴ "አሥራ ዘጠኝ፤ ነፋሱ አስቸገረኝ።" እሷም ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ቆጣሪውን ሄዶ ማየት ባልን መሰለል ስለሚመስላት አይታው አታውቅም።

ብስክሌቶቹን ግቢው ውስጥ ለጠጋኙ ትታ ወደ ቤት ገባች። ባሏ ማጉያ መነጽር ይዞ ካርታው ላይ አቀርቅሯል።

"ዶክተርዬ፣" አላት እንደ ልማዱ እየቀለደ፣ "እንዲህ ቶሎ ጨረሰልሽ?"

"አሥራ አንድ፣" አለችው።

"ምኑ?"

"ቆጣሪህ።"

ማጉያ መነጽሩን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

"በሁለተኛው ቀን ወደቅኩ፣" አለ። "አደባባዩ ጋ። አውቶቡሱ ከኋላዬ ነበር፤ ሙቀቱ ጀርባዬን ነካኝ። ሰዎች ናቸው ያነሱኝ።"

"ጉልበቴን ደረጃ መታኝ ነው ያልከኝ።"

"ብያለሁ።"

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት የት ነበርክ?"

"መናፈሻው። አግዳሚ ወንበር ላይ።" ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ልክ አንድ ሰዓት። ውሸቴ እንኳ ሰዓት ያክብር ብዬ።"

አልሳቀችለትም። "አልሄድም ማለት ምን ገደለህ፣ አንተ ሰው? ስንት ወር ሙሉ!"

በአውራ ጣቱ የካርታውን እጥፋት ሲያቃና ቆየና፣ "ብልሽ ኖሮ፣" አለ፣ "እራት ላይ ምን እናወራ ነበር?"

ካርታው ከመምጣቱ በፊት፣ ልጃቸው አግብታ ከወጣች ወዲህ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተባለውን በሐሳቧ ጥግ በጥግ ፈለገች። "ጨው አቀብዪኝ።" "በሩን ቆልፈሃል?" "ነገ ተረኛ ነሽ?" ሌላ አላገኘችም። አንድ ጊዜ ስለ ሻገተ እንጀራ ሲወራ ስቀው ነበር መሰላት፤ ያም የሬዲዮው ሳቅ ይሆናል።

"እንግዲህ ጉዞው ቀረ?" አለ ባሏ።

ድምፁ ውስጥ ተስፋ ነበረ። ከመናፈሻው ወንበር ይልቅ አንጀቷን የቆረጠው ይሄ ነው።

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የእሱን ቦርሳ ፈታች። ምሰሶዎቹን አወጣችና የራሷ ቦርሳ ውስጥ፣ በሸራው ጎን አስገባቻቸው። ቦርሳዋን ሚዛኑ ላይ ሰቅላ መርፌው እስኪረጋ ጠበቀች። ተመልሳ ካርታው ጠርዝ ላይ የጻፈችውን ሰባ ቁጥር በላጲስ አጠፋችና ሃምሳ አምስት ጻፈች። የማደሪያ ምልክቶቹን ሁሉ አሁን እንደ አዲስ ማስላት አለባት፤ አሥራ ዘጠኝ ቀን ይበቃታል።

"የሁለት ሰው ድንኳን ነው እኮ፣" አለ ተከትሏት ወጥቶ።

"አዎ፣ ነው።" ቦርሳው ሞልቶ አፉ አልገጥም አለ። "እስቲ ከዚህ ጋ ጨምቀህ ያዝልኝ።"

ተንበርክኮ ያዘላት። ዚፑን እስከ መጨረሻው ሳበችው። እጆቻቸው ተጠጋግተው ነበር፤ ሁለቱም አላነሱም።

"ማታ ማታ እደውላለሁ፣" አለች፣ ዓይኗን ከቦርሳው ሳታነሳ። "አንተ ደግሞ 'ዛሬስ?' በለኝ።"