ሜዳው ሲከፈት

ባይነሽና መኳንንት ከተጫጩ ቆይተዋል፤ ቤት ግን አልነበራቸውም። እሷ ኮምቦልቻ ከወንድሟ ከቢያዝንና ከሚስቱ ጋር በአንዲት ክፍል የቀበሌ ቤት ትኖራለች። እሱ መካኒክ ነው፤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ተዳብሎ ያድራል። የቤት ሠሪዎች ማኅበር ገብተው ቦታ ሲጠይቁ፣ «መሬት የለም» ይባላሉ።

መሬቱ ደጃቸው ላይ ነበር። ከእነቢያዝን ቤት አጠገብ በእሾህ ሽቦ የታጠረ ሰፊ ሜዳ አለ። ለከባድ መኪና ማቆሚያ ተከልሏል ተብሎ ዓመታት እንደተቆለፈ ቀርቷል። ከአሰብ የሚመጡት መኪኖች የሚያድሩት በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ በሰው በር ላይ ነው። መንገድ የሚሻገር ሰው በሁለት ተሳቢ መሃል ሾልኮ ካልወጣ የሚመጣውን አያይም።

ባይነሽ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥታ ተናገረች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሜዳው ለመኪኖቹ ግማሹ ይበቃቸዋል። በቀረው ቤት ይሠራበት። እኛም መጠጊያ እናገኛለን፣ መንገዱም ይከፈታል።»

ሊቀ መንበሩ ፈንታሁን ክፉ ሰው አልነበረም። «ልክ ነሽ» አላት። «ግን ፕላኑ ከላይ የመጣ ነው፤ እኛ ሽቦውን መንካት አንችልም። ለበላይ አካል እናሳውቃለን።»

ተጨበጨበ፤ ወደ ሌላ አጀንዳ ታለፈ።

ክረምት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋዱን፣ ባይነሽ ከቦኖ ውሃ ቀድታ ስትመለስ በቆሙት መኪኖች መሃል ወጣች። ከደጋን በኩል አውቶቡስ ይመጣ ነበር። ሹፌሩም አላያት፣ እሷም አላየችው። ደሴ ሆስፒታል ሊያደርሷት ይዘዋት ወጡ፤ የሐረጎን ዳገት ሳይጨርሱት አረፈች። የወንጌል አማኞች ነበሩ፤ ጸሎት ቤታቸው በዚያን ጊዜ በመንግሥት ታሽጎ ስለነበር፣ የመሸኛ መዝሙሯን እቤት ውስጥ ድምፃቸውን ቀንሰው ዘመሩላት።

ሐዘኑ ሳይወጣ የቢያዝን ሚስት ያለምወርቅ የሠፈሩን ሴቶች ይዛ ቀበሌ ሄደች።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ከዚህ በኋላ ደግሞ ማን እስኪሞት ነው የምንጠብቀው?»

ፈንታሁን ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። በማግስቱ ራሱ ደሴ፣ በላይ አካል ዘንድ ወጣ፤ ደጋግሞም ተመላለሰ። መስከረም ሲጠባ ሽቦው ተነሣ። መኪኖቹ ወደ ታችኛው ሜዳ ገቡ፤ ላይኛው ለማኅበሩ ተሸነሸነ። መንገዱ ወለል ብሎ ታየ። ልጆች ሲሻገሩ እናቶች ደጅ ቆመው መሳቀቃቸውን ተዉ።

ለመኳንንትም ቦታ ደረሰው። «አልፈልግም፤ ለሌላ ስጡት» አለ።

«ተው እንጂ» አለው ቢያዝን። «አፍ አውጥታ የጠየቀችው እሷ ናት። ለሌላ እንዴት ይሰጣል?»

ጥር ላይ የመኳንንት ቤት ማገር ተማገረ። ያለምወርቅ ልታግዘው መጣች፤ ሁለቱም ጭቃ እየመረጉ ዋሉ።

«ጓዳውን በየት በኩል ላድርገው?» አላት ድንገት።

«አንተ ደስ ባለህ በኩል።»

«እኔ ምን አውቃለሁ? እሷ ትነግረኛለች ብዬ ነበር፤ እኔ አስቤበት አላውቅም።»

ያለምወርቅ እጇ ጭቃ ስለነበረ እንባዋን በክንዷ ጠረገች።

«በል ወንድሜ፣ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ እንጨርሰው» አለችና ወደ ጭቃው ጎንበስ አለች።