ገመዱ ሲሳብ

ልጅ ሆኜ፣ አባታችን የሚሠራበት ረጅም ጠረጴዛ ሥር ተጋድሜ የሰማሁት ወሬ አለ። ሙሉውን አልሰማሁትም፤ የሰማሁትንም ሙሉውን አላስታውሰውም። የሚያወራው ፍራሹን ሊያሳድስ የመጣ የጫካ ጠባቂ ነበር። ፊቱን አላየሁም። ካለሁበት የሚታዩኝ አቧራ የጠጡ ቦት ጫማዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ወንድምዎን ነው የያዘው?» አለ አባቴ።

«ታናሼን። እግሩን ነክሶ። እኔም እንደ ሞኝ ልጎትተው ነበር። ነብር የያዘው ሰው አይጎተትም፤ ከጎተቱት እጅዎ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ነው። ወደ ነብሩ ነው የሚገፋው። ዓይኑን ማጨለም ነው። አፉን ደግሞ…»

እዚህ ላይ እናቴ ውሃ ቅዳልኝ ብላ ከጓዳ ጠራችኝ። ስመለስ ቦት ጫማዎቹ የሉም። አፉን ምን እንዳደረገው፣ ወንድሙ ይዳን ይሙት፣ ማንንም አልጠየቅሁም። በእኛ ቤት የትልቅ ሰው ወሬ ሰርቆ ያዳመጠ ልጅ ቀሪውን ንገሩኝ አይልም ነበር።

አባታችን ሲያርፍ ጠረጴዛውም ሥራውም ለእትዬና ለእኔ ቀረ። እትዬ ታላቄ ናት። ሰፈሩ «ጄኔራሏ» ይላታል። እኔን «ጭምቱ» ያለችኝ ራሷ ናት፤ ብዙ ስለማልናገር። እሷ የሁለታችንንም ድርሻ ስለምትናገር ነው እንጂ እኔስ ምላስ አላጣሁም።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። ፊት ለፊት ባለው ክፍል የጥጥ መንደፊያው ሞተር አለ። ሰዎች ለዓመታት ተኝተውበት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ጥጥ ይዘው ይመጣሉ፤ እኔ ለሞተሩ አጎርሰዋለሁ፣ ሞተሩ አፍታቶ እንደ አረፋ ይተፋዋል። በስተጓሮ ባለው ክፍል እትዬ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጥጡን በጨርቁ ውስጥ ትሞላለች፣ ክንድ በሚያህል መርፌና በሲባጎ ትወጋዋለች። የእሷ ክፍል የጓሮ በር ቁጥቋጦ ወደበዛበት ሸለቆ ይከፈታል። ብናኙ ያፍነኛል ስለምትል በሩ ቀኑን ሙሉ ወለል ብሎ ይውላል። ግማሽ በር እንኳ እናስገባለት ብዬ ለምኛታለሁ።

«አየሩን ልትቆርስብኝ ነው?» ነበር መልሷ።

ሞተሩ ሲሠራ ጆሮ አይሰማም። ስለዚህ አባታችን በግድግዳው ቀዳዳ ገመድ አሳልፎልናል። አንዱ ጫፍ እትዬ ከምትቀመጥበት ራስጌ ይንጠለጠላል፤ በእኔ በኩል ያለው ቀይ ጨርቅ ታስሮበት ፊቴ ላይ ይወርዳል። ጨርቁ አጭር ከዘለለ ጥጥ አምጣ ማለት ነው። ረዘም ብሎ ከተሳበ ና ምሳ ብላ ማለት ነው። ከተወዛወዘ ሞተሩን አጥፋ ነው። ለነብር የተመደበ ሳብታ አልነበረንም።

ረፋዱ ላይ ነበር። ጨርቁ ዘለለ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዘለለ፤ ከዚያማ ልክ አጣ፣ አጭር፣ አጭር፣ አጭር።

«ምነው፣ አሁን አይደል እንዴ የወሰድኩልሽ! ጥጡን ትበዪዋለሽ?» እያልኩ ለራሴ አጉረመረምኩ። ለመጀመሪያው ሳብታ ወዲያው ያልተነሳሁትም ገና የሰጠኋት ጥጥ ያልቃል ብዬ ስላላመንኩ ነው። አዲስ የተነደፈ ጥጥ እስከ አፍንጫዬ ድረስ ታቀፍኩ፤ ሞተሩን እንደበራ ትቼ መጋረጃውን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ።

መጀመሪያ አንድ የሰፈር ውሻ ጭራውን በእግሮቹ መሀል ቀብሮ በእኔና በበሩ መካከል ሾልኮ ወደ ፊተኛው ክፍል አመለጠ። ቀጥሎ እትዬን ከታቀፍኩት ጥጥ በላይ አሻግሬ አየኋት። አፉ ገና ያልተሰፋ ፍራሽ አጠገብ በጀርባዋ ወድቃለች። አንድ ነብር ግራ ክንዷን ከክርኗ በታች ነክሷል። በቀኝ እጇ ገመዱን ጠምጥማ ይዛለች፤ ነብሩ በናጣት ቁጥር ገመዱ ይሳባል። ጥጥ አምጣ እያለ ሲጠራኝ የቆየው ነብሩ ነው ማለት ነው።

እትዬ አየችኝ። በሞተሩ ጩኸት ድምጿ አልተሰማኝም፤ ከንፈሯን ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳነበው የኖርኩ ነኝ። «ውጣ!» ነው የምትለው። «ውጣ አልኩህ፣ አንተ!» እንዲያ ሆናም ታዝዛለች።

እጆቼ የፈለጉት ጥጡን ጥለው ትከሻዋን መጎተት ነበር። ጎንበስም ብዬ ነበር። በዚያች ቅጽበት እነዚያ ቦት ጫማዎች ዓይኔ ላይ መጡ። አይጎተትም። ወደ ነብሩ ነው። ዓይኑን ማጨለም ነው። አፉን ደግሞ…

ጌታ ሆይ፣ ቀሪውን አንተ ጨርሰው አልኩ በልቤ፤ ከነጥጡ ወደቅሁበት።

ጥጡን ዓይኑ ላይ ደፋሁት። አፍንጫው ላይ ጫንኩት። የተነደፈ ጥጥ ሲያዩት እንደ ደመና ነው፤ አፍ ውስጥ ከገባ ግን በምራቅ ይጠቀጠቃል፣ ወይ አይዋጥ ወይ አይተፋ። በሁለቱ የከንፈሩ ጠርዞች፣ ከጥርሱ ኋላ፣ ትርፍ ጥጥ በጠርዝ በኩል ወደ ፍራሽ እንደምንጎስር ጎሰርኩት። አንድ እግሩ ትከሻዬ ላይ አረፈ፤ ጃኬቴ ሲቀደድ እንጂ ቆዳዬ ሲቀደድ አልታወቀኝም። አልለቀቅሁም። ያነጥስብኛል፣ እጎስራለሁ። ይናጣል፣ አብሬው እናጣለሁ። እትዬም ገብቷት ክንዷን መሳብ ትታ ከእኔ ጋር ወደ ውስጥ መግፋት ያዘች። ያቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ቃሌን የሰማችኝ ያን ቀን ነው፤ እሱንም ሳልናገር።

ትንፋሽ አጠረው። አንድ ጊዜ በኃይል አነጠሰና መንጋጋው ተላቀቀ። ክንዷን መዘዘች።

ያልተሰፋውን ፍራሽ አንስቼ ከነራሱ ከደንኩትና ላዩ ላይ በሆዴ ተዘረጋሁ። ስንት ሰው የተኛበትን ፍራሽ አድሻለሁ፤ ከሥሬ የሚተነፍስና የሚያገሳ ፍራሽ ግን ያኔ ነው የገጠመኝ። እትዬ በደህናው እጇ ገመዱን ይዛ ታወዛውዛለች። ሞተሩን አጥፋ ነው። ማን ያጥፋው? እኔ ነብር ላይ ተኝቻለሁ! ዓይን ለዓይን ስንጋጭ ነገሩ ገባት፤ ገመዱን ወረወረችና ደም እያንጠባጠበች ሄዳ ራሷ አጠፋችው። ሞተሩ ሲሞት ጩኸቷ ለሰፈሩ ደረሰ።

ጎረቤታችን በያጁ የጀመረውን የብረት በር እንደተሸከመ ደረሰ። መጣል ይሁን ይዞ መግባት ሳይወስን ነው የመጣው።

«ጭምቱ፣ ምን ላይ ነው የተኛኸው?»

«ነብር።»

«በስመ አብ!» ብሎ በሩን አቆመው። ጥሩ የቆመው በሩ ነው፤ እሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አልሸሸም። ብረቱን በራሱና በነብሩ መሀል ገድግዶ፣ እኔ ላዩ ላይ እንደተዘረጋሁ ፍራሹን ወደ ጓሮው በር ገፋው፤ ደፉ ላይ ስንደርስ ተንከባልዬ ወረድኩና ከብረቱ ኋላ ገባሁ። ነብሩ ከፍራሹ ሥር ወጣ። አጥንቱ የወጣ፣ ያረጀ ነገር ነበር፤ ውሻውን ሲያባርር ነው እኛ ዘንድ የገባው። አፉ ዙሪያ ጥጥ ተጣብቆ ነጭ ጢም ያለው ሽማግሌ መስሎ አንዴ ዞሮ አየን፣ አነጠሰ፣ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ከባዱ ነገር ያለፈ መስሎኝ ነበር።

በያጁ ከጤና ጣቢያው ሲስተርን ጠርቶ መጣ። ሲስተር ረጋ ያለች ሴት ናት። የእትዬን ክንድ ከቧንቧው ሥር አድርጋ በሳሙና አጠበችው፣ ደግማ አጠበችው፣ በፋሻ ጠቀለለችው። የእኔንም ትከሻ እንዲሁ አደረገች። ከዚያ ሁለታችንንም አየችን።

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መጥታችሁ ትከተባላችሁ። መድኃኒቱ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፤ ይዤው አልዞርም። ከዚያም እየተመላለሳችሁ እስኪያልቅ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ሳይጀምር ይከለከላል፤ ከጀመረ ግን ማንም አይመልሰው።»

«እኔን የነከሰኝ ውሻ ነው እንዴ?» አለች እትዬ።

«በሽታው ስሙ ነው እንጂ ነብርም ይይዘዋል፣ እትዬ።»

«ያ ነብር ጤነኛ ነው። ሲሮጥ አላያችሁትም?»

ሲስተር ከመዝጋታችን በፊት ድረሱ ብላ ሄደች። በያጁም በሩን ተሸክሞ፣ «ጄኔራሏ መርፌ ፈሩ ብዬ ለሰፈሩ ልንገር?» አለና የወረወረችበትን የሲባጎ ጥቅል ጎንበስ ብሎ አሳልፎ ወጣ።

እውነቱ ይኸው ነው። ክንድ በሚያህል መርፌ እንጀራዋን የምትበላ ሴት መርፌ ትፈራለች። ጥርሷን ሲያማት ጉንጯ አብጦ ዓይኗን እስኪሸፍን ቻለችው እንጂ አልተወጋችም። ይህን አስታውሼ፣ «አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትወጊ ትውዪ የለም እንዴ?» ብላት፣

«እኔ የምወጋው ፍራሽ ነው። ፍራሽ አይጮህም» አለችኝ።

ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ደም የነካውን ጥጥ ለየች። ባንድ እጇ ሲባጎ መርፌ ውስጥ ልታስገባ ትታገላለች። ደንበኛው ይመጣል ትላለች። እኔ ወደ ፊተኛው ክፍል ሄጄ የሞተሩን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩ። ተመልሼ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«ምንድን ነው የምታፈጠው?»

«እየጠበቅሁሽ ነው።»

«ሥራ የለህም?»

«የለኝም።»

ሲባጎው አልገባላትም። መጠበቅ እኔን አይከብደኝም፤ ፈጣሪ ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የበዛው እሱ ነው። በልቤ እጸልያለሁ፣ በዓይኔ እሷን እጠብቃለሁ። ሲባጎውን ምላሷ ላይ ታረጥበዋለች፣ ደግሞ ይስታታል።

«ብትሄድ ይሻልሃል» አለች በመጨረሻ። «ይዘጉብሃል። ትከሻህን ተቧጭረህ የለም? ተነስ፣ ሂድ ተወጋ።»

«አንቺ ካልተወጋሽ አልወጋም።»

«ምን?»

«ሰማሽኝ፣ እትዬ። አብረን ነው የተቧጨርነው። አብረን ካልሆነ የትም አልሄድም።»

«አንተ ደረቅ! ጭምት ነው ብዬ…» መርፌውን ጣለችው። እንደምትሰድበኝ ጠብቄ ነበር፤ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። «አንተ የነብሩን ነገር ከየት አወቅኸው? አይጎተትም ያለህ ማነው?»

ነገርኳት። ጠረጴዛው ሥር መተኛቴን፣ ቦት ጫማዎቹን፣ እናታችን ውሃ ቅዳልኝ ማለቷን። «ቀሪውን ግን አልሰማሁትም። ወንድሙ ይዳን አይዳን አላውቅም» አልኳት።

እትዬ የጣለችውን መርፌ ቀስ ብላ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እኔም አልቸኮልኩባትም።

«አንተ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ ሻይ ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ» አለች። «ቀሪውን የሰማሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ዳነ?»

«ከነብሩማ ዳነ። አፉ ውስጥ ኮቱን ጎስሮበት አዳነው። ቁስሉም ደረቀ፣ ወንድሙም ሥራውን ጀመረ። ኋላ…» ፋሻዋን አየችው። «ኋላ ውሃ ፈራ። ውሃ ሲያሳዩት ይጮኽ ነበር አለ። አውሬ አፍ ውስጥ ገብቼ ያወጣሁትን ወንድሜን፣ አልጋ ላይ ቁጭ ብዬ እያየሁ ቀበርኩት አለ። አባባ የፍራሹን ዋጋ አልቀበልም አለው።»

ከጠዋት ጀምሮ ይህን እያወቀች ነው ሲባጎ የምታረጥበው። የቃሌ ክብደት አሁን እሷ ላይ ወድቋል፤ የምጨምርበት አልነበረኝም። ትከሻዬን ብቻ አየችው፤ የተቀደደውን ጃኬት፣ ከሥሩ ብቅ ያለውን ፋሻ።

«ታዲያ አንተን ውሃ ሲያስጮህህ ቁጭ ብዬ ላይ ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

«አቤት ክፋትህ! ተደብቆ ኖሮ ኖሮ…» አፍንጫዋን በደህናው እጇ ጀርባ ጠረገች። «መርፌው ትልቅ ነው?»

«ካንቺ መርፌ ያንሳል።»

«አንተ ቀድመህ ትወጋለህ።»

«እሺ።»

«እኔ ሳላይ።»

«እሺ።»

«ገመዱን ፍታው። ይዘነው እንሄዳለን።»

«ደግሞ ገመዱ ለምን?»

«አንዱን ጫፍ አንተ ትይዛለህ፣ አንዱን እኔ። ሲያመኝ እስበዋለሁ።»

«አጭር ከሳብሽው ጥጥ ይዤ ነው የምመጣው።»

ከነክንዷ ሕመም ሳቀች። «አወዛውዘዋለሁ። ያኔ ሲስተርን ታጠፋታለህ።»

ተነስቼ ከግድግዳው ላይ ፈታሁት። ቀዩ ጨርቅ እንደታሰረበት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። እሷም ነጠላዋን ደርባ በሩ ጋ ጠበቀችኝ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀኝ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ዛሬን ብቻ አይደለም፤ የሚቀረውንም ሁሉ፣ እየተመላለስሽ…»

«ጨርሰህ አትጨቅጭቀኝ!» አለች። ወዲያው ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እወጋለሁ አልኩ። እስከ መጨረሻው።»