ስቶክሆልምን ያልጎበኘው ሰው

አብዱልሐሚድ ስቶክሆልምን በአስራ ዘጠኝ ቀን አወቃት፤ ያውም ከዴንቨር ሳይወጣ። ኤርፖርት የታክሲ ተራው እስኪደርስ ድረስ መጽሐፉን መሪው ላይ ዘርግቶ ያነባል፤ ሲደርሰው ገጹን በፓርኪንግ ደረሰኝ ምልክት አድርጎ ይዘጋዋል። ከዴንቨር አጠገብ ካለችው ከኦሮራ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰው የቱሪስት መምሪያ ነው፤ ባለ ቀለም ፎቶ፣ ከበስተኋላው የሚዘረጋ ካርታ ያለው። አንድ ጊዜ አሳድሶታል።

"የንጉሡ ቤተ መንግሥት ከስድስት መቶ በላይ ክፍል አለው፤ ታውቃላችሁ?" አለ አንድ ምሽት እራት ላይ።

"ስንቱን ልትከራይ ነው?" አለችው ሚስቱ ራሕማ።

የወንድሙ ልጅ ዛኪያ አልሳቀችም። መጽሐፉ የመጣው በእሷ ምክንያት ነው።

ዛኪያ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ገና ልጅ ሳለች ስለሞተ አብዱልሐሚድ ከአዲስ አበባ አምጥቶ አሳደጋት፤ ከዩኒቨርሲቲም አስመረቃት። የቀረው መዳር ብቻ ነው። በአባቷ ፈንታ ወልይዋ እሱ ነውና እሱ ካልፈቀደ ኒካሕ የለም። እሷ የምትሠራው ኦሮራ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። እዚያ ደም ይገባል፣ በአርባ ደቂቃ ውጤት ይወጣል። አጎቷ ግን አንድ ሰው መርምሮ ውጤት ለመስጠት ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

የሚመረመረው ሰው ጠልሀ ይባላል። የሆስፒታሉን ሠራተኞች ከሩቁ ፓርኪንግ ወደ ሕንጻው የሚያመላልሰው ሚኒባስ ሾፌር ነው። ስቶክሆልም አስራ አንድ ዓመት ኖሮ፣ ስምንቱን የከተማ አውቶቡስ ነድቶ፣ ዲቪ ሲደርሰው ወደ ኮሎራዶ የመጣ ቀጠን ያለ፣ ለመናገር የማይቸኩል ሰው። ዛኪያ መጀመሪያ ያወቀችው በሩን አፍንጫዋ ላይ ሲዘጋባት ነው። ሮጣ ደርሳ መስታወቱን መታች። እሱ ሰዓቱን አሳያት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአስር። ሄደ። በማግስቱ ልትሰድበው አንድ ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ተገኘች።

"ትናንት ለአስር ሰከንድ ነው ጥለኸኝ የሄድከው" አለችው።

"ለአስራ ሁለት" አለ ጠልሀ። "ውስጥ ስምንት ሰው ነበር። ለእነሱስ ማን ይዘንላቸው?"

ዛኪያ ገብታ ተቀመጠች። በሕይወቷ ሙሉ ሰው ስትጠብቅ ነው የኖረችው፤ ሁሉም ሰው "መጣሁ፣ ደረስኩ" ይላታል። አንድ ሰው እሷን አርፍደሻል ሲላት ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነበር። በዓመቱ ጠልሀ ሽማግሌ ላከ።

አብዱልሐሚድ መጀመሪያ ቅር አላለውም። "እንጠያይቅ" ብሎ ቀን ወሰደ፤ ወጉም ይኸው ነው። ችግሩ የመጣው ከታክሲ ተራ ነው። አንድ ከስዊድን የመጣ ሾፌር "ጠልሀ? ስቶክሆልም ሰባት ዓመት ስኖር አይቼው አላውቅም። እንዲያውም ካርቱም ነበር ሲባል ሰምቻለሁ" አለ። አብዱልሐሚድ ይህን ወሬ ይዞ ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

"ስቶክሆልም የሰፈር ሱቅ ነው እንዴ፣ ሁሉም የሚተያይበት?" አለች ዛኪያ። "የስዊድን መንጃ ፈቃዱን ልኮልሃል። የሥራ ደብዳቤውን ልኮልሃል።"

"ወረቀት በየገበያው ይታተማል። ከተማ ግን አይታተምም። አስራ አንድ ዓመት የኖረ ሰው ከተማውን እንደ መዳፉ ያውቃል። እኔ እጠይቀዋለሁ።"

"ምን ብለህ?"

"እሱን ለእኔ ተዪው" አለና በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት ሄደ።

ሰው ስለ አማቹ ጎረቤት ይጠይቃል። አብዱልሐሚድ ጎረቤት ቢያጣ መጽሐፍ ጠየቀ።

ፈተናው እሑድ ከዙህር በኋላ ግሌንዴል ባለው አፓርታማቸው ሆነ። ጠልሀ ግራጫ ኮት ለብሶ፣ ከሽማግሌው ከሐጂ ይመር ጋር ልክ በሰዓቱ በሩን አንኳኳ። ወጉ ልጅቷ ጓዳ እንድትሆን ነው። ነገር ግን በአሜሪካ አፓርታማ በጓዳና በሳሎን መካከል ግድግዳ የለም፤ እስከ ወገብ የሚደርስ መደገፊያ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ዛኪያ ጓዳ ነበረች፤ ሁሉንም ታያለች፣ ሁሉንም ትሰማለች፣ ሻይ ትቀዳለች። የለችም ተብሎ ይታሰባል።

አብዱልሐሚድ መነጽሩን አድርጎ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አኖረ። በዳርና ዳሩ ቢጫ ወረቀቶች ወጣ ወጣ ብለዋል።

"በንጉሡ ቤተ መንግሥት ምድር ቤት ያለው ሙዚየም የምንድን ነው?" ሲል ጀመረ።

ጠልሀ ትንሽ አሰበ። "ገብቼ አላውቅም።"

"የጦር ዕቃ ነው። የነገሥታቱ ሠረገላ ሁሉ አለ። እሺ፣ ቫሳ የምትባለው መርከብ በስንት ዓመተ ምሕረት ሰመጠች?"

"መስመጧን አውቃለሁ። ዘመኑን አላውቅም።"

"ሙዚየሟንስ?"

"ዩርጎርደን የሚባለው ደሴት ላይ ነው። አርባ ሰባት ቁጥር ነው የሚሄደው። የእኔ መስመር አልነበረም።"

"እኔ የአውቶቡስ ቁጥር አልጠየቅኩህም" አለ አብዱልሐሚድ። "በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ሃያ ስምንት ሰመጠች፤ ከወደብ በወጣችበት ቀን። የማዘጋጃ ቤቱ ግንብ ላይ ለመውጣት ስንት ደረጃ አለው?"

"አልወጣሁም። ሁልጊዜ ከድልድይ ላይ ነው የማየው።"

"ሦስት መቶ ስልሳ አምስት!" አብዱልሐሚድ መጽሐፉን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። "ሐጂ፣ እንግዲህ ሰምተዋል። እኔ በአስራ ዘጠኝ ቀን ያወቅኩትን እሱ በአስራ አንድ ዓመት አላወቀም።"

ሐጂ ይመር የተቀዳላቸውን ሻይ ሳይቀምሱ አስቀመጡት። ጠልሀ አንገቱን አልደፋም፤ አልተከራከረምም። ዛኪያን የባሰ ያናደዳት ይህ ነው። ሰውዬው በእሱ ቤት እውነቱን ተናግሮ ጨርሷል፤ የማያውቀውን አላውቅም ብሎ መልሷል፤ የቀረው የእሱ ሥራ አይደለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨምር ምን ነበረበት? ደግሞም ከልጅነቷ ያሳደጋት ሰው ፊት እሷ አፏን ብትከፍት ነውር ነው። ማሰሮውን ምድጃው ላይ መለሰችና ነውሩን ለመሥራት ወሰነች።

"ጋሼ" አለች ከመደገፊያው ማዶ። "ዴንቨር ስንት ዓመትህ ነው?"

"ምን አገናኘው?"

"ስንት ነው?"

"አስራ አምስት። ታውቂው የለ።"

"ካፒቶሉ፣ ወርቅ ጉልላት ያለው የምክር ቤቱ ሕንጻ፣ ውስጡ ገብተሃል?"

"ምን ልሠራ?"

"ደረጃው ላይ 'ከባሕር በላይ አንድ ማይል' የሚል ምልክት አለ። ስንተኛው ደረጃ ላይ ነው?"

አብዱልሐሚድ መነጽሩን አወለቀ። "እኔ ደረጃ ቆጣሪ ነኝ?"

"በሦስት ዘመን ለክተው በሦስት ቦታ ምልክት አድርገዋል። ገና ሃይስኩል ሳለን ወስደውን አይተናል። እሺ፣ አርት ሙዚየሙ ውስጥ ምን አለ?"

"ቱሪስት አለ" አለ አብዱልሐሚድ እየተናደደ። "አስራ ሦስተኛው መንገድ ላይ ታወርጃለሽ፤ ከሁለት ደቂቃ በላይ ብትቆሚ ፖሊስ ይመጣል። ዝናብ ከሆነ ወደ በሩ ጠጋ ማለት አለብሽ፤ አለበለዚያ አሮጊቶቹ ያጉረመርማሉ።"

"ውስጡስ?"

"ውስጡን ምን አባቴ አውቄ! እኔ እስከ በሩ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ራሕማ ናት። ሳምቡሳ የያዘችውን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ተራራውን አሳየኝ እያልኩ ስንት ዓመቴ" አለች ለሐጂ ይመር። "በመስኮት ይታያል ይለኛል።"

"ይታያል እኮ" አለ አብዱልሐሚድ።

"እንግዲያው ጋሼ፣ አንተም ዴንቨርን አልኖርክባትም" አለች ዛኪያ። "ካርቱም ነበርክ።"

ሐጂ ይመር ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ለመደበቅ ሞክረው አቃታቸው። "ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ዋልን፣ አብዱልሐሚድ" አሉ። "የዋለበትን ጠይቀው።"

አብዱልሐሚድ ኩሩ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። መጽሐፉን እንደገና ከፈተ፤ ቢጫ ወረቀቶቹን ግን ነካ አላደረጋቸውም። ከበስተኋላው ያለውን ካርታ አውጥቶ ሻዩን ገፋ፣ ሳምቡሳውን ገፋ፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ለጠልሀ እንዳይታይ አድርጎም በክንዱ ከለለው።

"መስመርህ ስንት ቁጥር ነበር?"

"አራት።"

"ከየት ወዴት?"

"ከጉልማሽፕላን ወደ ራዲዮ ቤቱ። ከደቡብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ።"

"ንዳ።"

ጠልሀ ቀና ብሎ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹ ሳያስበው ከጭኑ ላይ ተነሡ፤ ሰፋ ያለ መሪ የያዙ ይመስላሉ። ዓይኑን ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ላይ ተከለና ነዳ።

"ከጉልማሽፕላን ወጥቼ ድልድዩን ተሻግሬ ስካንስቱል እገባለሁ። ከዚያ ወደ ግራ፣ ሪንግቬገን። ትልቁ ሆስፒታል በግራ ነው፤ ነርሶች ይወርዳሉ፣ ነርሶች ይሳፈራሉ፣ እዚያ አንድ ደቂቃ ይበላል። ቀጥሎ ሆርንስቱል። ከሆርንስቱል ሽቅብ ቬስተርብሮን፣ ረጅሙ ድልድይ። ነፋስ አለ፤ በክረምት አውቶቡሱን ወደ ጎን ይገፋዋል፤ መሪውን አጥብቀህ ትይዛለህ። ማዘጋጃ ቤቱን የማየው ከዚያ ላይ ነው፤ በቀኝ፣ ሦስት ዘውድ ጫፉ ላይ። ቁልቁል ፍሪድሄምስፕላን…"

የአብዱልሐሚድ ጣት በካርታው ላይ ይከተለዋል። አንድ ጊዜ ጣቱ ወደ ሌላ መንገድ ገብቶ ጠፋበትና ተመለሰ። "ቆይ፣ ቆይ። ፍሪድሄም… እሺ፣ ቀጥል።"

"ኦዴንፕላን። ቀጥሎ የከተማው ቤተ መጻሕፍት፤ እንደ ድስት ክብ ነው፤ ተማሪዎች ከነቦርሳቸው በሩ ላይ ይቆማሉ፣ 'ወደ ውስጥ ግቡ' ማለት ያስፈልጋል። ከዚያ ቫልሃላቬገን፣ ስታዲየሙ…"

"ቁም" አለ አብዱልሐሚድ። ወደ ፊት ጎንበስ አለ። ፊቱ ላይ የነበረው የፈታኝ ኩራት ጠፍቶ ሌላ ነገር መጥቷል፤ ዛኪያ የምታውቀው፣ ከሾፌር ጓደኞቹ ጋር ስለ መንገድ ሲያወራ የሚመጣው። "ሆርንስቱል ነህ። ረጅሙ ድልድይ ላይ መኪና ተገልብጦ ተዘጋ። አውቶቡስህ ሙሉ ነው። ፍሪድሄምስፕላን በየት ትደርሳለህ?"

ይህ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ጠልሀ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ።

"ሆኖ ያውቃል። ሁለት ጊዜ። በሆርንስጋታን ቀጥ ብዬ ስሉሰን እወርዳለሁ። ከስሉሰን በአሮጌው ከተማ ዳር፣ ውኃው በቀኝ። ከዚያ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ግራ፣ በባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ደግሞ ድልድይ፣ ከዚያ ሽቅብ ፍሪድሄምስፕላን። ሃያ ደቂቃ ያዘገያል፤ ግን ያደርሳል።"

አብዱልሐሚድ ጣቱን በዝግታ አስኬደ። ሆርንስጋታን። ስሉሰን። የውኃው ዳር። ጣቱ ቆመ።

"ውኃው በቀኝ ከሆነ በግራህ ምን አለ?"

"ትልቅ ቡናማ ሕንጻ። ጥግ ጥጉን ቱሪስት ሳያይ ይሻገራል፤ እዚያ ፍጥነት ትቀንሳለህ።"

"እሱ እኮ ነው ቤተ መንግሥቱ!" አለ አብዱልሐሚድ።

"መሆኑን አውቃለሁ" አለ ጠልሀ። "መስኮቱን ግን ቆጥሬ አላውቅም። ዓይኔ እግረኛው ላይ ነበር።"

አብዱልሐሚድ ጣቱን ካርታው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ሁለተኛው ድልድይ አጠገብ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ተጽፏል። ሰውዬው የተጠየቀውን ሁሉ በውጭ በኩል አልፎታል። ካርታውን በየእጥፋቱ፣ ሳያጨማድድ፣ ሾፌር ብቻ በሚያውቅበት አኳኋን አጣጠፈው።

"ሐጂ" አለ። "ልጁ ሾፌር ነው።"

በዚያ ቤት ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።

"ምንድን ነው ታዲያ መልሱ?" አሉ ሐጂ ይመር፤ አውቀው ነው።

"ፋቲሓ እንቅራ ነው መልሱ።"

መዳፎች ተዘረጉ። ዛኪያም ከመደገፊያው ማዶ ዘረጋች። "አሚን" ተብሎ ገና እጆች ከፊት ሳይወርዱ "ኒካሑ ቅዳሜ ይሁን" አለች።

"የትኛው ቅዳሜ?" አለ አጎቷ።

"የሚመጣው። ስድስት ቀን አለ።"

"ሰው ይጠራል እኮ፣ አንቺ ልጅ።"

"ስልክ አለህ። ሁለት ወር በልተሃል ጋሼ።"

"የወጣችው በአባቷ ነው" አለች ራሕማ። "እሱም ሻይ ሳይበርድለት ነበር የሚጠጣው።"

ጠልሀ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለ። "ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ መጽሐፉን ቢያውሱኝ?"

"ለምን?"

"ስቶክሆልምን ማየት እፈልጋለሁ።"

አብዱልሐሚድ መጽሐፉን ደረቱ ላይ ለጠፈው። "በእኔ ካርድ ነው የወጣው። ሐሙስ ይመለሳል" አለ፤ ከዚያም ትንሽ አሰበና ሰጠው። "ቢጫ ወረቀቶቹን እንዳታነሳቸው።"

ሰኞ ጠዋት ዛኪያ በኮልፋክስ መንገድ መብራት ሁሉ ቀይ ሆነባት። ፓርክ አድርጋ ስትሮጥ ሚኒባሱ በሩን ሲዘጋ አየች። አንድ ሰዓት ከአስር። ጠልሀ በመስታወቱ አያት፤ በግንባሩ ሰላም አላትና ሄደ። ውስጥ ከተቀመጡት አንዲት ነርስ ዞር ብላ በሐዘኔታ ተመለከተቻት።

ዛኪያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ በእግሯ ጉዞ ጀመረች፤ እየሳቀች። የስቶክሆልም አውቶቡስ ማንንም አይጠብቅም፤ ቢጠብቃት ኖሮ አጎቷ ልክ ነበር፤ ሰውዬው ስቶክሆልምን ረግጦ አያውቅም ማለት ነበር።