ዲንቃ የሰረዛት እህት

«ወንድምሽ አይደለም እንዴ? ምነው ድንጋይ ሆንሽ?» አለቻት ጎረቤቷ ጥሩአየሁ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ።

ዝናቡ የእድሩን ድንኳን ይደበድበዋል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ የዋሪቱ ዓይን ግን ደርቋል። ወንድሟ ዲንቃ ትናንት ከተቀበረ ጀምሮ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷታል። ትነሳለች፤ ሸራው ላይ የተቋጠረውን ውኃ በዱላ ገፍታ ታፈሳለች፤ ተመልሳ ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሳለች።

የሚያንቆራጥጣት ሃያ ዓመት የተሸከመችው ነገር ነው። በዘጠና ስድስት ለችግረኛ ወጣቶች የልብስ ስፌት ሥልጠና መቱ ከተማ ገባ፣ ለሚጨርሱት የስፌት መኪና የሚሰጥ። ዋሪቱ ያኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆመች፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ አራስ ልጅ ያቀፈች የሃያ አራት ዓመት ሴት ነበረች። ቀበሌው ሠልጣኞቹን የሚመርጡ ሦስት ሰዎች ሰየመ፤ አንዱ ታላቅ ወንድሟ ዲንቃ ነበር። ስሟ ተጻፈ። በማግሥቱ ዝርዝሩ ሊለጠፍ ሲል ዲንቃ በገዛ እስክሪብቶው ሰረዘው።

«‹እህቱን አስገባ› ቢሉኝስ? ሰው ምን ይላል?» አላት በሯ ላይ ቆሞ።

«ችግረኛ አይደለሁም?»

«ነሽ።»

«ታዲያ?»

«እህቴ ነሽ።»

ከዚያ ወዲያ ዋሪቱ ሽንኩርት ስትቸረችር ኖረች። ዲንቃ ግቢው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጣት፤ ልጇን ጊፍቲን ጀርባው ላይ አዝሎ አሳደጋት፤ በክረምት እንጨት ፈልጦ በሯ ላይ ይከምርላት ነበር። ይቅርታ የሚል ቃል ግን ካፉ አልወጣም። እሷም «እግዜር ይስጥህ» ብላው አታውቅም። እንጨቱን ብቻ ታነድ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጥቁር የለበሰች እንግዳ ሴት ከታክሲ ወርዳ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተደፋች።

«ኦቦ ዲንቃ! አባቴ! ኧረ አባቴ!»

ዋሪቱ ደግፋ አነሳቻት። «ማን ልበል?»

«ዕፀገነት እባላለሁ። ሁሩሙ ከተማ ልብስ ሰፊ ነኝ። ድሮ እዚሁ መቱ በረንዳ ላይ ነበር የማድረው። እንጨት ተሸክሜ ሳልፍ አስቆመኝና ‹ስፌት ትማሪያለሽ? አንድ ቦታ ተለቋል› አለኝ። ‹ማን ለቀቀው?› ብዬ ብጠይቀው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።»

ዋሪቱ የሴትዮዋን ጣቶች አየች። መርፌ የበሳሳው፣ የደነደነ ጣት ነው። ለሃያ ዓመት መልክ ያልነበረው ቂሟ ዛሬ መልክ አወጣ፤ መልኩም የሚያሳዝን ሆነ። የምትሰድበው ሰው ብትፈልግ አጣች።

«ሻይ ስጧት» ብላ ወጣች።

ከጓሮ ጊፍቲ አጥሩን ተደግፋ ቁራጭ ሽቦ በፒንሳ ትልጣለች።

«በለቅሶ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ነገ ጠዋት የብቃት ምዘና አለብን፣ እማ። የኤሌክትሪክ ዝርጋታው። ካመለጠኝ ቀጣዩ መቼ እንደሆነ አይታወቅም። ያለ ወረቀቱ ደግሞ ማንም አይቀጥረኝም።»

«ለጋሼ ሸዋንግዛው ነገርሻቸው?» የእድሩ ዳኛ ናቸው።

«ነገርኳቸው። ‹ያሳደገሽን ሰው ሣልስት ጥለሽ? ሰው ምን ይላል?› አሉኝ።»

ዋሪቱ ያቺን ቃል ድሮ ከዲንቃ አፍ ሰምታታለች።

«ቱታሽ ታጥቧል?»

«አዎ።»

«ነገ ከቀሚሱ ሥር ልበሺው።»

በሣልስቱ ጠዋት ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊነሳ ሲል ጋሼ ሸዋንግዛው በፍሬም ያለውን የዲንቃን ፎቶ ይዘው መጡ።

«ጊፍቲ ትያዘው። ልጁ ማለት እሷ ናት።»

«ጊፍቲ የለችም» አለች ዋሪቱ።

«እንዴት የለችም? ይቺው ተቀምጣ!»

«አሁን ትሄዳለች። ፈተና አለባት። ተነሺ፣ ልጄ።»

ጋሼ ሸዋንግዛው ወደ ዋሪቱ ጠጋ አሉ።

«ዋሪቱ! ኧረ ሰው ምን—»

«ሰው የሚለውን ሃያ ዓመት ሰምቻለሁ፣ ጋሼ። ዛሬ ደግሞ እኔ የምለውን ሰው ይስማ። ከፈለጉ ከእድሩ ይሰርዙኝ። መሰረዝ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

ከወንዶቹ አግዳሚ አንዱ ሳቁን በሳል አፈነው። ዋሪቱ ጥቁሩን ሻሽ ከልጇ ራስ ላይ ፈታች፤ ቀሚሱን አስወለቀቻት። ጊፍቲ በሰማያዊ ቱታዋ በለቀስተኛው መሀል አለፈች። ዕፀገነት ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች።

«ባጃጅ ይዤ እስከ ፈተናው በር አደርሳታለሁ» ብላ ተከተለቻት።

ጋሼ ሸዋንግዛው ፎቶውን እንደያዙ ቀሩ። «እሺ፣ ይሄን ማን ሊይዘው ነው?»

«ያምጡት።»

ዋሪቱ ተቀበለቻቸው። ፎቶ የሚይዝ ሰው የፎቶውን ፊት ወደ ለቀስተኛው አድርጎ ነው የሚሄደው። እሷ ግን የወንድሟን ፊት ወደ ራሷ አዞረችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«ገልብጠሽዋል እኮ፣ ዋሪቱ። ለሰው ይታይ እንጂ።»

«ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይቶታል፣ ጋሼ» አለችና ፍሬሙን በሁለት እጇ አጥብቃ ከፊት ፊት ሄደች።