ለመናገር የከፈለችው ጆሮ

ሰፈሩ ፀጉር ሠሪዋን «ጆሮ» ይላታል። ስድብ አይደለም። ወንበሯ ላይ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ገና ካስኩ ውስጥ ሳትገባ የሆዷን ዘርግፋ ትጨርሳለች። ጆሮ ሥራዋን ታውቃለች፤ ጫፍ ትቆርጣለች፣ ቀለም ትቀባለች፣ ጨዋታው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ «እህስ፣ ከዚያስ?» ትላለች። ዝም የሚባልበት ፀጉር ቤት ደንበኛ አይመለስበትም ባይ ናት።

የራሷን የምትነግረው ሰው ግን አልነበራትም። ልጇ ከአንድ ሹፌር ጋር ጎጆ ልወጣ ነው ስትላት፣ «እኔ አንቺን የመሰለች አልወለድኩም» ብላ አዋርዳታለች። ያውም የፋርማሲስቱ ሚስት ፀጉሯ በቀለም እንደተነከረ አንዲት ቃል ሳታመልጣት እየሰማች። ልጅቱ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከወጣች ወዲህ ድምፅዋ የለም። ጆሮ መደወል ትፈልጋለች፤ ጣቷ የልጇ ስም ላይ ሲደርስ ግን ጉሮሮዋ ይዘጋል። ደንበኞቿን እንዳታዋይ፣ ወሬ በሰፈሩ እንዴት እንደሚጓዝ ጠንቅቃ ታውቃለች፤ መናኸሪያው እሷው ቤት ነው።

ስለዚህ በስልኳ የሥነ ልቦና አማካሪ ፈለገች። ማስታወቂያው «ለእርስዎ፣ ለእርስዎ ብቻ የተዘጋጀ» ይላል። ስትመዘገብ ግን ቅጹ የጠየቃት ራሷን በየትኛው እንስሳ እንደምትመስል ነው። አሰበችና «ጥንቸል» ብላ ሞላች።

ቀጥላ ክፍያውን ይሸፍንላት እንደሆነ ልትጠይቅ የጤና ኢንሹራንስ ቢሮ ሄደች።

«እናት፣ የት ጋ ነው የሚያምዎት?» አላት ሠራተኛው ቀና ሳይል።

«ጉሮሮዬን ይዘጋኛል።»

«የጉሮሮ ሐኪም ጋ እንልክዎታለን።»

«ለልጄ ልደውል ስል ብቻ ነው የሚዘጋኝ።»

«እሱ በራጅ አይታይም» አለ። «በራጅ ያልታየ ደግሞ ከኪስዎ ነው።»

ከኪሷ ከፈለች። የአንድ ሰዓቱ ዋጋ፣ ጠዋቱን ሙሉ ቆማ የሠራችውን ሙልጭ አድርጎ ወሰደው። በምሳ ሰዓት በሩን ቆለፈች፣ ስልኩን መስተዋቱ ላይ አስደገፈችና ተቀመጠች። አማካሪዋ ብቅ አለች፤ መነጽር አድርጋለች፣ ከኋላዋ መጻሕፍት ተደርድረዋል።

«እሺ፣ እየሰማሁዎት ነው» ብላ ዝም አለች። ዝም ማለቷ ተምራ ያገኘችው ነገር ነው። ጆሮ ግን ዝምታ ሲመጣባት መቀመጫዋ ይኮሰኩሳታል።

«የኔ እመቤት፣ ደክሞሻል መሰል» አለቻት። «ዓይንሽ ሥር ጠቁሯል።»

«እ... ትንሽ እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«እህስ?»

«ከእናቴ ጋር ተኳርፈን...»

«ከዚያስ?»

አለቀ። አማካሪዋ መነጽሯን አወለቀች። ስለ እናቷ፣ ስለ ወንድሟ ሠርግ፣ ማንም ሳይጠራት ስላለፈው ምሳ ትዘረግፈው ጀመር። ጆሮም እጇ ሥራ ሲፈታ አይወድምና ማበጠሪያ አንስታ የራሷን ፀጉር እያበጠረች፣ «እውነትሽን ነው» ስትል ቆየች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣

«በይ ስሚኝ፣ ደውዪላት» አለቻት። «እናት የምትኮራው በአፏ ነው። ልቧ ስልኩ ላይ ነው የሚውለው።»

አማካሪዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እንዴት እንደቀለለኝ እትዬ። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ?»

ስክሪኑ ጠቆረ። ወዲያው መልእክት ገባ፤ ክፍያው ተቆርጧል፣ ለራስዎ ጊዜ ስለሰጡ እናመሰግናለን ይላል።

«በገንዘቤ ሰው አክሜ አረፍኩት» አለች ጆሮ ለመስተዋቱ። ንዴቷ ሳይበርድ የልጇን ስም ተጫነችው። ጉሮሮዋ ለመዘጋት ጊዜ አላገኘም።

«አቤት» አለች ልጅቱ።

«እህስ፣ እንዴት ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«እማዬ፣ እኔ ደንበኛሽ አይደለሁም።»

ስልኩን ግን አልዘጋችውም።

ጆሮ ማበጠሪያውን አስቀመጠች። በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ፤ የፋርማሲስቱ ሚስት ቀጠሮዋ ደርሶ በበሩ መስታወት አሻግራ ታያታለች። ደንበኛ ደጅ አቁማ የማታውቀው ጆሮ በእጇ «ቆይ» አለቻትና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ያን ቀን በሰው ፊት ያልኩሽ ነገር...» ብላ ጀመረች።

የፋርማሲስቱ ሚስት ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። እሷ እንኳ ምንም አላስከፈለችም።