የሳፋዋ ሙሽሪት

ዓሣዋ በጅራቷ ሳፋውን ስትመታው ውኃው ዘሎ የሰውየው ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈ። ጠረጴዛውን የከበቡት ሁሉ ሳቁ፤ ሰውየውም ራሱ ሳቀ።

“እንዴት ያለች ጉልበተኛ ናት!” አለ በሶፍት ደረቱን እየጠረገ። “በቃ፣ ይቺው ትሁንልን።”

“አሁን ከገንዳ፣ አሁን ወደ መጥበሻ!” አለች አስተናጋጇ፣ አሠሪዋ ባስጠናት ፈገግታ። ሳፋውን በሁለት እጇ አቅፋ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተሹለከለከች ወደ ወጥ ቤት ገባች። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ግን ወደ መጥበሻው አልሄደችም። ጥግ ላይ ወዳለው የመስታወት ገንዳ ሄዳ ዓሣዋን መልሳ ለቀቀቻት። ሼፉም ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ፍሪዘሩን ከፈተና እንደ ጣውላ የደረቀ ሌላ ዓሣ አውጥቶ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከረው።

የዚህ ምግብ ቤት ወግ እንዲህ ነው። ደንበኛው ዓሣ ሲያዝ ዓሣዋ ከነነፍሷ በሳፋ ትቀርብለታለች። አይቶ፣ ነክቶ፣ ፎቶ አንስቶ “ትሁን” ይላል። የሚበላው ግን ሌላ ነው። የምትታየዋን ሠራተኛው ሁሉ “ሙሽሪት” ይላታል። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ትዞራለች፣ ትደነቃለች፣ ቢላዋ ግን አይነካትም፤ ስትደክም ሌላ ሙሽሪት ትመጣለች። በከተማው የዓሣ ቤት እንደ አሸን ሲፈላ የዚህ ቤት ስም ከሌላው በላይ የተጠራው በዚህች በሳፋዋ ሙሽሪት ነው። ሰውስ ምን ያድርግ? በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

አስተናጋጇን ደግሞ “ቃሪያ” ይሏታል። አፏ ያቃጥላል ለማለት ነው። አይ ቃሪያ! ሼፉን ታቃጥላለች፣ ዕቃ አጣቢዋን ታቃጥላለች፣ ቲፕ ሳይተው የሚሄደውን ደንበኛ ከኋላው ታቃጥላለች። አሠሪዋን ያቃጠለችበትን ቀን ግን ያየ የለም። የቤት ኪራይዋም የታናሽ ወንድሟ ትምህርትም የሚወጣው ከዚሁ ሥራ ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብላ ኖራለች።

“የዛሬው ደስ አይልም” አለ ሼፉ፣ ከሙቁ ውኃ ያወጣውን ዓሣ እያገላበጠ።

“ምኑ?”

“ትናንት መብራት ጠፍቶ ሁሉም ሲቀልጥ ዋለ፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ተመልሶ ደረቀ። እስቲ አሽትቺው።”

አሸተተችው፤ ወዲያውም ፊቷን አዞረች። “ለጋሼ ነግረሃቸዋል?”

“ጠዋት ነገርኳቸው።”

“ምን አሉህ?”

“‘ሎሚ ጨምርበት።’”

ቃሪያ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዕቃ አጣቢዋ በበሩ ብቅ አለች። “ነይ እንጂ፣ አባትሽና እናትሽ መጥተዋል! ደግሞ እንዴት ዘንጠዋል መሰለሽ!”

አባቷ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ በቅርቡ ነው ጡረታ የወጣው። “ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው” የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ተለጥፎ፣ እሱ ራሱ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ሲያናግር የኖረ ሰው ነው። አሁንም ገና ወንበሩ ሳይሞቅ ከጎኑ ካሉት ባልና ሚስት ጋር ሰላምታ ተለዋውጧል። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚያወጣትን ጥቁር ሱፉን ለብሷል።

“አባዬ! ምነው ሳትነግሩኝ?”

“ብነግርሽ አትምጡ ልትዪ! ‘ቤቱ ይሞላል፣ ቦታ የለም’ ስትዪ አይደል የኖርሽው?”

“ሌሊቱን አላስተኛኝም” አለች እናቷ። “ዓሣ፣ ዓሣ ሲል አደረ። ድመት ያገባሁ መሰለኝ።”

ቃሪያ ጎንበስ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “ዶሮ ላምጣላችሁ? ዛሬ ዶሮው ይሻላል።”

“ዶሮማ ቤትም አለ። እኔ የመጣሁት ልጄ የምታቀርበውን ዓሣ ልበላ ነው። በይ፣ ተንቀሳቀሺ!”

አትምጡ ስትላቸው የኖረችው በቦታ ማጣት አልነበረም። ስንቱን አባት ያን ዓሣ ስታበላ ኖራ፣ የቆረቆራት የራሷ አባት ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ነው። በራሷ ተናደደች። በራስ መናደድ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ቀጥ ብላ ወደ ሂሳብ መቀበያው ሄደች። አሠሪዋ እዚያ ቆሞ ደንበኛ ይሸኛል።

“ጋሼ፣ አባቴ መጥቷል። ያን ዓሣ አላበላውም።”

ይቆጣል ብላ ቃላቷን ሁሉ አሰልፋ ነበር። እሱ ግን ፈገግ አለ።

“ምን ነካሽ? ያንቺ አባት አባቴ አይደሉም እንዴ? ጠዋት ለቤቴ ያስመጣሁት አንድ ትኩስ ዓሣ አለ፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከታች። እሱን ይሥሩላቸው። በኔ ስም ጋብዣቸው።”

“እግዜር ይስጥልኝ” አለች። ምላሷን የነከሰችው ካለች በኋላ ነው። ለቤቴ! የቤቱ ሲሆን ያውቀዋል ማለት ነው። የልጆቹን ከታች፣ የሰው ልጆችን ከላይ ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ዞሮ ‘ሎሚ ጨምርበት’ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እሷ ደግሞ አመሰገነችው።

ዓሣው ተጠብሶ ሲቀርብ አባቷ አንድ ቆርሶ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ።

“ይኼ ነው ዓሣ ማለት! እስከ ዛሬ የበላነው ምን ነበር?”

“እሾሁን እያየህ” አለች እናቷ። “ዓይንህን ጨፍነህ የነዳህ ቀን ተሳፋሪው ምን ሆኖ ይሆን?”

አባቷ ስቆ ዞር ሲል ከጎኑ ያሉት ባልና ሚስት ገና አላዘዙም። ሁለቱም ወጣቶች ናቸው። ሚስቲቱ ወሯ ገብቷል፤ ሆዷ ከጠረጴዛው ጋር ቦታ ይጋፋል። ሜኑውን አንዴ ያነሱታል፣ አንዴ ያስቀምጡታል።

“ምነው ልጆች፣ ምን ቸገራችሁ?”

“ዓሣ አምሯት ነው የመጣነው” አለ ባልየው። “ግን ሐኪሟ የቆየ ነገር እንዳትበላ ብሏታል። ፈራን።”

“የቆየ? እዚህ ቤት?” አባቷ ሹካውን አስቀመጠና አጠገቡ የቆመችውን ቃሪያን ክንዷን ይዞ ሳባት። “ይቺ ልጄ ናት። የቆየ ነገር ለሰው አታቀርብም። ይቺ ልጄ ትሙት! ዓይናችሁ እያየ ነው ከገንዳ አውጥታ የምታመጣላችሁ።”

“ምነው በቁሟ ትምልባታለህ!” እናቷ ትከሻውን መታ አደረገችው።

“እውነት ለሆነ ነገር ቢምሉ ምን አለበት?”

ባልና ሚስቱ ተያይተው ሳቁ። “እንግዲህ አባባ እንዲህ ከማሉልን” አለች ሴትየዋ ሆዷን እየዳበሰች፣ “ዓሣ ይሁንልን እህቴ።”

ቃሪያ ክንዷን ከአባቷ እጅ አላቀቀች። በከንቱ የማይምል አባቷ፣ በልጁ ነፍስ፣ ለሸተተ ዓሣ ማለ። እሱ ምን ያውቃል? እሷ ናት ያስማለችው። አሁን ያቺ ወጣት ብትታመም፣ ሆዷ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ቢሆን፣ ሰው የሚያስታውሰው አሠሪውን አይደለም፤ በጥቁር ሱፍ ተቀምጦ የማለላቸውን ሽማግሌ ነው። ተመልሳ ወደ አሠሪዋ ስትሄድ እግሯ መሬቱን ይደበድበው ነበር።

“ጋሼ፣ ከቤትዎ ዓሣ ሌላ ቀርቷል?”

“አንድ ነበር፤ አባትሽ በሉት። ምነው?”

“አጠገባቸው ያለችው ሴትዮ ዓሣ አዛለች። እርጉዝ ናት።”

“ታዲያ ምን ላድርግ? እኔ ላርግዝላት? ሙሽሪትን አሳዪያቸውና ይሠራላቸው።”

“ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ትናንት ቀልጧል። ሼፉ ነግሮዎታል። እኔም አሽትቼዋለሁ።”

ፈገግታው ጠፋ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። “ስሚ! ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። አባትሽን አክብሬልሻለሁ፤ ምን ቀረብሽ? ሥራሽን ሥሪ።”

ምን ቀረብሽ! ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይህች ናት። የአባቷን ድርሻ ሰጥቶ አፏን የገዛ መስሎታል፤ ደግሞም ገና ቅድም “እግዜር ይስጥልኝ” ስትለው ገዝቷትም ነበር። ጥርሷን ነክሳ ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ ሙሽሪትን ከገንዳው በሳፋ አውጥታ ለባልና ሚስቱ አቀረበች።

“ውይ፣ አፏን ስታንቀሳቅስ!” አለች ነፍሰ ጡሯ። በአንድ ጣቷ የዓሣዋን ጀርባ ነካ አደረገች። “አታሳዝንም?”

“አላልኳችሁም?” አለ አባቷ ከወዲያ ጠረጴዛ።

“ይቺን ነው የምንበላው?” ሲል ባልየው ጠየቀ።

ቃሪያ ያን ‘አሁን ከገንዳ’ የሚለውን አላለችም። ሴትየዋን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ “አዎ፣ ይቺን ነው” አለች። ሳፋውን አቅፋ ገባችና ወደ ገንዳው ሳትዞር የሼፉ መክተፊያ ላይ አስቀመጠችው።

“ሥራልኝ።”

“ምኑን?”

“ሙሽሪትን። ዛሬ ትዳሯን ትያዝ።”

ሼፉ ወደ በሩ አየ። “አብደሻል? እሑድ ምሳ ሰዓት ነው፣ ቤቱ ጢም ብሏል። ለቀሪው ምን ልታሳዪ ነው?”

“እሱን ለኔ ተወው።”

“ያባርሩኛል፣ ልጅት። ልጆች አሉኝ።”

“እኔ ነኝ ያዘዝኩህ። ‘ቃሪያ ናት’ በል። ምስክር ጠርተህም በል።”

ሼፉ እጁን ሽርጡ ላይ ጠራርጎ ወደ ሳፋው ዞረ። ከዚያ ቢላዋውን አነሳ። ሙሽሪት አንዴ ብቻ ተወራጨች።

ሳህኑን ራሷ ይዛው ወጣች። ሴትየዋ ስትበላ፣ ባሏ እሾህ ሲለቅምላት፣ አባቷ ደግሞ ራሱ ያጠመደው ይመስል ደረቱን ነፍቶ “እህሳ? እህሳ?” ሲል ቆማ አየች። አባቷ የማለው እውነት ሆነ። ለአንዲት ጠረጴዛ ብቻ ቢሆንም ሆነ። ይኼ ግን ንዴቷን አላበረደውም፤ ዞር ብላ አዳራሹን ስታየው እንዲያውም ባሰባት። በየጠረጴዛው አባት አለ፣ እናት አለች፣ ሹካ የማትይዝ ሕፃን አለች። ለነሱ የማለላቸው ማን ነው?

“ቃሪያ!” አሠሪዋ ከሂሳብ መቀበያው ጣቱን አጮኸ። መሐል አዳራሹ ላይ ጠረጴዛ ገጥመው የተቀመጡ ብዙ ሰዎች አሉ፤ መሥሪያ ቤታቸው ያበላቸዋል። ስልካቸውን አውጥተው ለፎቶ ተዘጋጅተዋል። “ሙሽሪትን ቶሎ አምጪላቸው!”

“ሙሽሪት ተበልታለች።”

“ማን ተበላ?”

“ሙሽሪት። ነፍሰ ጡሯ በላቻት።”

ክንዷን ይዞ እየገፋ ወጥ ቤት አስገባት። ባዶውን ገንዳ አየ፤ መክተፊያው ላይ የቀረውን ቅርፊት አየ። ሼፉ ጀርባውን ሰጥቶ ሽንኩርት ይልጣል።

“ማን አዘዘሽ? ማን ስለሆንሽ? ከጎዳና ላይ ነው እኮ ያነሳሁሽ!”

“ከቤቴ ነው የመጣሁት፤ እናትና አባቴ ውጪ ተቀምጠዋል። ጎዳና አይበሉኝ።”

“ያን ሁሉ ሰው አስቀምጬ ምን ላሳየው ነው?”

“ያለንን።”

“ድምፅሽን ቀንሺ! ሂጂና ‘ገንዳው እየታጠበ ነው፣ ትኩሱ ግን ተዘጋጅቷል’ በያቸው።”

“አልልም።”

“እንግዲያው ሽርጥሽን ፍቺና ውጪልኝ! አሁኑኑ!”

እጇ ወደ ሽርጡ ቋጠሮ ሄደ። ኪራዩ ትዝ አላት፤ የወንድሟ ፊት መጣባት። ለመሄድ በጓሮ በር መውጣት ይበቃል። ማንም አያይም፣ ለአባቷም ነገ አንድ ነገር ይነገረዋል። አዳራሹ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ይበላል።

እጇን ከቋጠሮው አነሳች።

“እፈታለሁ” አለች። “መጀመሪያ ሥራዬን ልሥራ።”

ፍሪዘሩን ከፍታ ከላይ ያለውን ዓሣ በጅራቱ ይዛ ሳበችው። ከሌላው ጋር ተጣብቆ ነበርና በሁለት እጇ ታግላ አላቀቀችው። የሙሽሪት ሳፋ ውስጥ ስትጥለው ኳ አለ። አሠሪዋ ሊይዛት ሲንደረደር ሼፉ የሽንኩርት ሳህኑን እንደያዘ ሳያየው የገባ መስሎ መሐላቸው ገባ።

“ዓሣ ግማቱ ካናቱ” አለ ለራሱ፣ በእግሩም በሩን ገፍቶ ከፈተላት።

ቃሪያ ሳፋውን አቅፋ ወጣች። አባቷ ሲያያት እጁን አውለበለበ። “ጎሽ ልጄ! ደግሞ ሌላ አመጣሽ?”

“ሌላ ነው አባዬ። ና፣ አንተም እየው።”

መሐል አዳራሹ ደርሳ ሳፋውን በተገጠመው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ከዓሣው ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ መሽተት ጀምሯል። ስልኮቹ ሁሉ አየር ላይ ቀሩ። ቃሪያ ያን የተጠና ፈገግታ ሳይሆን የራሷን ፊት ይዛ፣ የመጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ እንዲሰማ ተናገረች።

“ይኼውላችሁ፤ እዚህ ቤት የሚበላው ይኼ ነው። ንኩት። አሽትቱት። ከዚያ ‘ይሁን’ ካላችሁ አስጠብሼ አመጣላችኋለሁ።”